የኋላ መስታወት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቢጫ አውቶቡስ ነዳሁ፤
ጠዋት የለቀምሁትን ልጅ ማታ መልሼ ዘራሁ፤
በየእርሻው ደጃፍ፣ በየፖስታ ሳጥኑ ሥር፣
ነገ የሚደርስ እንግዳ ዛሬ በሚታይበት ጠፍጣፋ አገር፣
በሳስካችዋን ዳር።

ከዚያ ጡረታ ወጣሁ። ኬክ ቆረሱልኝ፤
ሰዓት ሸለሙኝ (ሰዓት፣ ለማይቸኩል ሰው!)፤ ወንበር አሳዩኝ።
ወንበሩን አየሁት። ወንበሩም አየኝ።

እኔ ግን ያን ሁሉ ዘመን፣ መንገድ ዳር ስቆም፣
መድኃኒት ረጪዋን አውሮፕላን ሳላይ ያለፍሁበት በጋ የለም፤
ስንዴው ላይ ጎንበስ፣ ከሽቦው በላይ ብድግ፣
ልቤን ይዛ እልም፣ እኔን ትታ እዚያው ጥግ።

ለእህቴ ለዳሪያ ነገርኋት፣ በስልክ፣ ማታ፤
ሳቋን አፍና ዝም አለች፤ ከዚያ ቆይታ፣ ቆይታ፦
«ኦሪስያ! በስልሳ አንድ? ሲያረጁ አምባር ይዋጁ!»
እውነቷን ነው። አምባሬ ግን ቆሞ ነበር ከሃንጋሩ ከደጁ፦
አሮጌ ሴስና፣ ቀለሟ የላላ፣
ምላጮቿ ሲፈጥኑ ጠፍተው፣ አየር ብቻ የሚያጠልቀው
የሚያበራ ክብ ሲሞላ።

ሐኪሙ ጆሮዬን አየ፣ ዓይኔን አየ፣ ልቤን አዳመጠ፤
«ለምን አሁን?» አለኝ፣ ብዕሩን ሳይፈርም እንደጨበጠ።
«ሌላ ጊዜ ስለሌለኝ» ብል አይፈርምም ብዬ ፈራሁ፤
«ጉልበቴ ለደረጃ እንጂ ለሰማይ አልሰነፈም» አልሁ።

አስተማሪዬ ኮልቢ ነው። ሃያ አራት ዓመቱ፤
ጢሙ ለመብቀል ገና የሚማከር ከፊቱ።
ይህ ልጅ በሰባት ዓመቱ፣ አምስተኛው ወንበር ላይ፣
ያልበሰለ ቼሪ በልቶ አስመልሶብኛል፤
ያጠብሁት እኔ ነኝ፣ ማንም ሳያይ።
«እጅህን አስገባ! ዝም በል! ወደ ፊትህ እይ!» እያልሁ
ስንቱን ጠዋት ጮኼበታለሁ!
ዛሬ እሱ ከጎኔ፣ «ወደ ፊት ይዩ እንጂ፣ ወይዘሮ» ሲለኝ፣
እሺ ልል ሳቅ ይቀድመኛል፤ ሳቁንም ላብ ቀድሞ አጠመቀኝ።

መሬት ላይ በእግር ነው የምትነዳው። እጄ ይህን አያውቅም፤
ባዞር ባዞር መሪውን፣ ወደ ስንዴው ገባች እንጂ አልሰማችኝም።
ማረፉማ… አንድ ቀን ሦስቴ ነጠርን፤
ኮልቢ በጣቱ ቆጠረና
«ሦስቱንም እንመዝግባቸው?» ብሎ ሳቅን።

መከር ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ ነፋሱ ሞቶ፣
በሩን ከፍቶ ወረደ፤ ቀበቶውን ባዶው ወንበር ላይ አስሮ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ጉሮሮውን ጠርቶ፣
«ሦስቴ ዙረው ይመለሱ። እኔ እዚህ ነኝ» ብሎኝ
ጀርባውን አሳየኝ።
ያን ጀርባ አውቀዋለሁ፦ ቦርሳውን አንግቦ፣
አንድ ቀን እንኳ ሳይዞር የሚሮጥ፣ እራቱን ተርቦ።

ዛሬ ግን፣ ሣሩ መሐል ቆሞ፣ ዞረ።

ነዳጅ ሰጠኋት። ሣሩ ፈጠነ፤
የኮልቢ ክብደት የለም፤ ሳልጠራት ተነሣች፤ መሬቱ በነነ።
ከሥሬ መንገዴ፣ ያ ሁሉ መንገድ፣ ከክር ቀጠነ።

ያኔ ነው ዓይኔ፣ ሳላዘው፣ ሽቅብ የሄደው፣
ከግንባሬ በላይ፣ ወደ ቀኝ፣
መስታወቱ ወደሚኖርበት ስፍራ፣ አርባ ልጅ ሊቆጥር፦
ማን ቆመ? ማን አለቀሰ? ማን ተኛ?

መስታወት የለም።
የፀሐይ መከለያ አለ፤ ከሱ ወዲያ ሰማይ።
ከኋላዬ ማንም የለም።
ማንንም በሰዓቱ አላደርስም።
ጮክ ብዬ አልሁት፦ «ማንም የለም።»
አፌ ሲለው ፈራ፤ ጆሮዬ ሲሰማው ግን አልፈራም።

ሳርፍ ነጠርሁ። (አንዴ ብቻ።)
ኮልቢ የሸሚዜን ጀርባ በመቀስ ቆረጠው፤ ልማድ ነው አሉ፤
ቀኑን ጽፎ ሃንጋሩ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፣
ከራሱ ቁራጭ አጠገብ።

ማታ ዳሪያ ደወለች።
«አምባሩስ?»
«ልኬ ነው» አልኋት፤
«እጄ ግን ገና ይንቀጠቀጣል።»